አንድ ደህና ፎቶ ለአቶ ወልደኪዳን

ፎቶ ለማንሳት በእግሩ የሚንሸራሸር ሰው ካሜራውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ መራመድ የለበትም። አንኮበር ላይ ደግሞ ጭራሽ። ገደል ጀማሪ ነው ብሎ አይምርም።

ሊያ ይህን ለጀማሪ ጓደኞቿ ሁሉ ትመክራለች። ሥራዋ ደብረ ብርሃን ነርስነት ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ካሜራዋን አንግታ፣ ዳቦና ውሃ ይዛ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ አንኮበር ትሳፈራለች። ሌላም ምክር አላት፤ በጧት ውጡ፣ ፀሐይን ከጎን አድርጓት፣ ጉም ሲመጣ ካሜራችሁን ሸፍኑ፣ ሰውን ሳታስፈቅዱ አታንሱ።

ዛሬ ግን ጠያቂው ሌላ ሆነ።

"ልጄ፣" አሉ አቶ ወልደኪዳን አጥራቸው በር ላይ ቆመው፤ "በዚህ ስታልፊ ሁሌ አይሻለሁ። አንድ ደህና ፎቶ ታነሺኛለሽ? አንድ ብቻ፤ ግን ደህና።"

ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸው አዲስ ነው። ጢማቸውን ገና መላጨታቸው ነው መሰል፣ ጉንጫቸው ላይ ምላጭ የነካው ቦታ ይታያል።

"ለምን ፈለጉት አባባ?"

"ጊዜው ደርሶ ነዋ።"

ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው ገደል አፋፍ ሲወጡ ሽማግሌው ሁለቴ ቆሙ፤ ሁለቴም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ነርስ አይደለች፣ ሊያ አተነፋፈሳቸውን ማዳመጥ ጀመረች።

"ያምዎታል እንዴ?"

"ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜን ሰጥቻለሁ። ውጤቱንም ለንስሐ አባቴ አስረክቤያለሁ። ከዚህ ወዲያ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።"

ሊያ የገዛ አባቷ ትዝ አሏት። እሳቸው የሞቱ ጊዜ ቤት ውስጥ የተገኘው የመታወቂያ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም ዓይናቸው ግማሹ ተከድኖ። ያንኑ አሳድገው ለቅሶው ላይ ሰቀሉት። ሰው ሁሉ ፎቶውን እያየ ሲያለቅስ እሷ ታፍር ነበር፤ ያነሳውን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። የእኒህ ሰው ፎቶ እንደዚያ እንዳይሆን በልቧ ማለች። ጉሙ ግን ከቆላው መውጣት ጀምሯል። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት አላት።

"እዚህ ጋ ይቁሙ። ከጀርባዎ ተራራው ብቻ ይሁን።"

"ቤቱስ? በሬዎቹስ?"

"ከሰው ጀርባ ነገር ሲበዛ ሰውየው ይጠፋል አባባ።"

"እኔ ብጠፋ ግድ የለም፤ በሬዎቼ ይታዩ። የቤቱም ቆርቆሮ።"

ሊያ አልተከራከረችም። ዕድሜ ልኩን የለፋበትን ጥሎ የሚሄድ ሰው ዓይኑ ንብረቱ ላይ ቢንከራተት ምን ይገርማል? ቤቱ ከኋላቸው እንዲሆን አዞረቻቸው። ሁሉንም ባንድ ላይ ለማስገባት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ልትል ስትል የራሷ ምክር ትዝ አላትና ደንግጣ ተንበረከከች።

"ልጆችዎ ያውቃሉ?"

"ነግሬያቸዋለሁ። ታላቂቱ በስልክ አለቀሰች። ቤቱስ ምን ሊሆን ነው አለችኝ።" ሽማግሌው ሳቁ። "እናታቸው ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ። ብቸኝነቱ በቃኝ ልጄ። ድንኳኑን እንኳ ለእድሩ ከወዲሁ ነግሬያለሁ፤ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው።"

ሐኪሙ ጊዜውን ቆርጦ ነግሯቸዋል ማለት ነው፣ አለች ሊያ በሆዷ። ስለ ሞቱ እንደ ገበያ ቀን የሚያወራ በሽተኛ በሥራ ዘመኗ ሁሉ አላጋጠማትም።

ሰውን "ሳቅ በል" ማለት ያደርቀዋል፤ ይህም ከምክሮቿ አንዱ ነው።

"እስቲ የሚወዱትን ሰው ያስቡልኝ።"

አሰቡ። ፊታቸው ፈካ። ሊያ በዚያች ቅጽበት አነሳቻቸው። ዓይናቸው ክፍት፣ ፀሐይዋ ከጎን፣ ሁለቱም በሬዎች በቦታቸው። ወዲያው ጉሙ መጣና ሁሉንም ዋጠው።

ፎቶውን ስታሳያቸው ብዙ ቆይተው አዩት።

"ይኼ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እንዲህ መሆኔን አላውቅም ነበር።"

ሊያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለልጆችዎ ልላከው?"

አቶ ወልደኪዳን ከኪሳቸው የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ሰጧት።

"የለም፣ አረርቲ ከተማ ላለችው ሙሽራዬ ላኪልኝ፤ ከሥሩም 'ጥርሱ በሙሉ የራሱ ነው' ብለሽ ጻፊበት።"