የዳነው ጉልበት

እናቱ «ግሸን ማርያም አድርሰኝ» ስትለው፣ «እማዬ፣ ጉልበቴ ዳገት አይችልም» ብሎ በምርኩዝ እያነከሰ በር ድረስ ሸኛት። በሳምንቱ ሂማሊያ ነበር። የኔፓልን መንደሮችና የጥድ ጫካዎች ለቀናት በእግሩ ሲያቋርጥ ምርኩዙ ትዝም አላለው። ዳገቱ ጫፍ ላይ የተነሳውን ፎቶ፣ «ነፍሴን ያገኘኋት እዚህ ነው» ብሎ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ነፍሱ እዚያ ድረስ ምን ልትሠራ እንደሄደች እሱ ይወቅ።

ወዲያው እናቱ ደወለች።

«ፎቶህን ጎረቤቶች አሳዩኝ!»

ሰበብ ሊደረድር አፉን ሲከፍት እልልታዋ ቀደመው።

«ማርያም ሰማችኝ! ጉልበትህን ከማረችልኝ ብዬ ተስዬ ነበር እኮ!»

እፎይ አለ። «ምን ብለሽ ተሳልሽ፣ እማዬ?»

«የነፍስ አባታችን ምስክሬ ናቸው፤ ‹ልጄ አዝሎኝ ግሸን ይወጣል› ብዬ ነዋ!»