የአያት መግነዝ

«የኩላሊት ካንሰር የሽማግሌ በሽታ ከሆነ፣ እኔን አሮጊቷን አልፎ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ዘንድ ምን ሊሠራ መጣ?» አሉ አያቲቱ። የልጅ ልጃቸው ደብረ ታቦር ተመርምሮ፣ ዝናብ አብስብሶት ገና መግባቱ ነበር። «እሱንስ እምዬ፣ ሐኪሙም አላወቀው። ቶሎ ስለተደረሰበት ግን የታመመውን ኩላሊት አወጡት፤ ዛሬ ሲያዩኝ ሌላው ንጹሕ ነው አሉ» አለና ጋቢ ፍለጋ ሳጥኑን ከፈተ።

መዝዞ ያወጣው ግን ነጭ አቡጀዲ ነበር፤ አያቲቱ ለራሳቸው ቀብር ያስቀመጡት መግነዝ። ትከሻው ላይ ጣል ሊያደርገው ሲል ተንደርድረው ነጠቁት። «የኔ ነው! ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ቀድመኸኝ ትለብሰዋለህ ብዬ ሳጥኑን ለመክፈት እፈራ ነበር። ተመስገን፣ እግዜር ተራዬን አልቀማኝም!» እየሳቁ ጨርቁን በቁመታቸው ለኩት። «አላጠረኝም?»

ልጁ አልሳቀም። መግነዙን ከእጃቸው ወስዶ አጠፈና ከልብሱ ሁሉ ሥር ከተተው። ከጥግ የገብስ ከረጢት አንሥቶም እሳቸው እንዳይከፍቱት ክዳኑ ላይ ጫነበት። «ኧረ ጎንህን! ስፌትህን!» ብለው ጮኹ፤ እሱ ግን እንደ ገለባ ነበር ያነሣው። ከዚያ የፈለገውን ጋቢ እንኳ ሳይለብስ ወደ ዝናቡ ወጣ።