የቤቱ ሁለተኛ ነዋሪ

ከደብረ ማርቆስ ተመድባ አሰላ የመጣችው ወለላ፣ በነዋሪዎች ዳታቤዝ ላይ የኮምፒውተር ትእዛዝ እየተለማመደች ነበር። "ኢንሰርት" ብላ፣ ይስሃቅ የሚባል ሰው ከራሷ ፈጥራ ብቻዋን በምትኖርበት የኪራይ ቤት አድራሻ መዘገበችው። "ሰሌክት" ብላ የቤቱን ነዋሪዎች ስትጠይቅ ሁለት ስም ወጣላት። ስሟን ከሌላ ሰው ስም ጋር ማየቱ ደስ ስላላት ቀኑን ሙሉ ሳትነካው ዋለች። ከሥራ ስትወጣ ግን በራሷ አፈረችና "ዲሊት" ብላ አጠፋችው።

በካፊያ ውስጥ ቤቷ ስትደርስ አከራይዋ እትዬ በቀለች በሩ ላይ ቆመዋል።

"ምነው ልጄ፣ ምን ተባባላችሁ? ይስሃቅ አሁን ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ 'ሂድ አለችኝ' አለኝ።"

ወለላ ቤቷን ከፈተች። ጠረጴዛው ላይ የሁለት ሰው ራት ቀርቧል፤ ገና አልበረደም።