የሸክላ ሠሪዋ ብርጭቆ

ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ኪዳን አድርሼ ስመለስ ሻይ ቤት ጎራ ብል፣ ከከተማ የመጣው የሰብአዊ መብት አሠልጣኝ ከሻይ ቤቱ ባለቤት ከእትዬ አበዛሽ ጋር ይከራከራል። ከሠልጣኞቹ አንዷ ሸክላ ሠሪ ናት። ሌሎቹ ውስጥ ተቀምጠው በብርጭቆ ሲጠጡ፣ ለእሷ ብቻ በጣሳ ተቀድቶላት ደጅ ቆማለች።

«ሰው የትም ሰው ነው! መብት አገር አይመርጥም» ይላል።

«በእናንተ ዘንድ ይሆናል፣ የኔ ጌታ። እዚህ ሸክላ ሠሪ በጠጣችበት ብርጭቆ የሚጠጣ የለም። ባህላችን ነው።»

«ይሄማ ኋላ ቀርነት ነው!»

እትዬ አበዛሽ አልተቆጡም። ሴትዮዋን ወደ ውስጥ ጠርተው በብርጭቆ ሻይ ሰጧት። ቆማ ጠጣች። ብርጭቆውን ጥግ ካለው እንስራ በቀዱት ውኃ ሦስት ጊዜ አለቀለቁና ለአሠልጣኙ ሻይ ቀዱበት።

«በል እንግዲህ ልጄ፣ አንተ ጀምርልን።»

ሠልጣኞቹ በየብርጭቋቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔም አቀርቅሬ ዳቦዬን መቁረስ ያዝኩ። አሠልጣኙ ብርጭቆውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ሻዩ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

«መቼም...» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባህልም መከበር አለበት። እህቴ፣ ሥልጠናው ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። ለሰላሙ ሲባል መጠጫሽን ከቤትሽ ብታመጪ ምን ይመስልሻል?»

ሴትዮዋ የሁላችንም ሻይ የተፈላበትን ውኃ የያዘውን እንስራ ትክ ብላ አየችው። የሠራችው እሷ ነበረች።

ከማግስቱ ጀምሮ መጠጫዋን ይዛ ልትመጣ ተስማማች።