ከጉልበቱ ሥር የቆመችው ሴት

ሜንና በሞተ ማግስት ታላቅ ወንድሙ ሃቲያይ የግቢውን በር ከውጭ ዘጋው። መበለቲቱ ኢንሃፒ ወደ እናቷ መንደር እንዳትሄድ ነው።

«የወንድሜ መቃብር ሳይታሸግ ከዚህ ንቅንቅ አትይም» አላት።

ኢንሃፒ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ሜንና በቢራ ማሰሮ የሰበረው የፊት ጥርሷ ስትናገር ነፋስ ያስገባባታል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬ ቀንሳለች።

እውነቱን ለመናገር የባሏን ሞት ስትሰማ ደስ ነው ያላት። ደስታዋ የዘለቀው ግን የሸክላ ሠዓሊው ፓሼዱ ብሩሹንና ሰማያዊ ቀለሙን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነበር።

ከሟቹ ጋር የሚቀበሩት ማሰሮዎች ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ሃቲያይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያዝዛል።

«አንገታቸው ላይ የሎተስ አበባ አዙርበት፤ ወንድሜ እንደ አበባው ጠዋት ጠዋት ይነሣ። ሆዳቸው ላይ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሳል። ሚስቱ ከጉልበቱ ሥር ቆማ ቢራ ትቅዳለት። በሁሉም ላይ።»

«ቁመቷ ምን ያህል ይሁን?»

«ራሷ ከጉልበቱ እንዳያልፍ።»

የመቃብር ሥዕል ለጌጥ እንዳልሆነ በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል። በሩ ሲታሸግ የተሳለው ዳቦ ይበላል፣ የተሳለው ቢራ ይጠጣል፣ የምትቀዳውም ስትቀዳ ትኖራለች። ሥዕሉ ብቻውን የማንም አይደለም፤ ከተሳለው ሰው ራስ በላይ ስም ሲጻፍበት ግን ባለስሙ ራሱ ነው። ኢንሃፒ ብትሸሽ፣ ሌላ ብታገባ፣ አርጅታም ብትሞት መግቢያዋ ያው ማሰሮ ነው። ሜንና ደግሞ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ሞት እንኳ አልገላገላትም።

ሃቲያይ ወደ ሬሳ አድራቂዎቹ ቤት በሄደበት ሰዓት ሠዓሊው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጋሽ ፓሼዱ፣ እኔን ተወኝ። አበባ ሳልበት፣ ዳክዬ ሳልበት፣ የፈለግከውን።»

ሽማግሌው ሰማያዊውን ቀለም መውቀጡን አላቆመም። «እያንዳንዱን ማሰሮ ያያል፣ እመቤቴ። ሴትዮዋ ከጎደለች እጄን ያስቆርጠኛል።»

«ከእኔ ዕድሜ ልክ፣ ከዚያም ወዲያ ካለው፣ ያንተ እጅ ይበልጣል?»

«አልዋሽዎትም። ለእኔ እጄ ይበልጣል።»

«እሺ፣ ትንሽ ራቅ አድርገህ ሳለኝ። እጁ እንዳይደርስብኝ።»

«ቦታውን ራሱ በስንዝር ለክቶ ሰጥቶኛል» አለና ወደ ብሩሹ ተመለሰ።

ኢንሃፒ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ገፋችው። በሩ እንደተዘጋ ነው።

ሃቲያይን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። በዚያ አገር ጽሕፈት ውስጥ ባለቀንድ እፉኝት ራሷን የቻለች ፊደል ናት፤ «ሚስቱ» ብሎ ለመጻፍም ታስፈልጋለች። የመቃብር ጽሕፈት ደግሞ ነፍስ ስለሚዘራ፣ ጠንቃቃ ሠዓሊ እፉኝቷን አንገቷ ላይ ቆርጦ ይጽፋታል። ሳትቆረጥ ብትገባ ሟቹን ትነድፈዋለች። ሃቲያይ ማንበብ አይችልም፤ እፉኝት ግን ያውቃል። ማታ ማታ ጽሕፈቱ ላይ አፍንጫውን ደቅኖ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ይመረምራል።

«ይቺኛዋ አንገቷ አልተቆረጠም።»

«ተቆርጧል ጌታዬ። ቀለሙ ሲደርቅ ይለያል።»

ሃቲያይ ቀና ብሎ ኢንሃፒን አያት። «በእፉኝት ልታስነድፊው ነው የፈለግሽው፣ አይደል? ቀን ቀን ምን እንደምትንሾካሾኪ አላውቅም ብለሽ ነው? ከእኔ ዓይን የምታመልጥ እፉኝት ገና አልተወለደችም።»

«ከእፉኝት የከፋውን ወንድምህን ምን ይነድፈዋል?» አለችው። ጥርሷ ነፋስ አስገባ፤ እሱም ሳቀባት።

በመጨረሻው ምርመራ ሁሉንም እፉኝቶች ተቆርጠው ስላገኘ ደስ አለው። ፓሼዱ ይህን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ የእርስዎንም ስም ብጽፍበት ቅር ይልዎታል?»

«የኔ ስም ደግሞ ምን ይሠራል?»

«ለወንድሙ ይህን ያህል የደከመ ሰው ስሙ ከመቃብሩ ሊቀር አይገባም።»

ሃቲያይ የተላጨ ራሱን አሸት አሸት አደረገ። «ጻፍ እንግዲህ። በሁሉም ላይ ጻፍ።»

ኢንሃፒ ከጓዳ ሆና ሰማች። አጎብዳጅ፣ አለች በሆዷ። በሽማግሌው ላይ የቀራት ጥቂት ተስፋም ያኔ ሞተ።

በቀብሩ ቀን ከወንዙ በስተ ምዕራብ ወዳለው ገደል ወጡ። አልቃሾቹ አፈር ራሳቸው ላይ ነሰነሱ። ማሰሮዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ሃቲያይ በሩ ላይ ቆሞ በየተራ እየዳሰሰ አስገባቸው። በእያንዳንዱ ላይ አንዲት ትንሽ ብጫ ሴት ከአንድ ትልቅ ቀይ ሰው ጉልበት ሥር ቆማለች። ከዚያ ካህኑ የእግር ዱካውን ጠርጎ ወጣ፣ በሩ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተለሰነ፣ የመቃብር ጠባቂዎቹ ማኅተም ታተመበት። ከዚያ ወዲያ የሚከፍተው ማንም ይሁን ማን ይሰቀላል።

ኢንሃፒ ከበሩ ፊት አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ሴቶቹ የባሏ ፍቅር መስሏቸው ደገፏት።

የቀብሩ ግብዣ ገደሉ ሥር በተዘረጋ ዳስ ውስጥ ሆነ። ሃቲያይ የተጠበሰ ዳክዬ ፊቱ አድርጎ የሰውን ምስጋና ይቀበላል። ፓሼዱ ዳር ላይ ተቀምጦ ከጣቶቹ ሰማያዊውን ቀለም ይታጠባል። ኢንሃፒ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ልትጣላው እንኳ አቅም አልነበራትም።

«ስሜን አሳምረህ ጽፈኸዋል ቢያንስ?»

«ያንቺን ስም አልጻፍኩም፣ ልጄ።»

ቀና አለች። «ታዲያ ከሴትዮዋ ራስ በላይ ባዶ ነው?»

ሽማግሌው ሃቲያይ ወደተቀመጠበት ዞር ብሎ አየና እጁን በጨርቁ አደረቀ።

«ባዶማ አይሆንም። በሁሉም ላይ ጻፍ ብሎኝ የለ?»