የተቀበረው የአተር ሐረግ

የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ የመኖውን ጉድጓድ የከደነውን ደረቅ ጭቃ በአካፋ እያነሣሁ ነው።

ባለቤቴ የአተሩን ሐረግ ከነእሸቱ ከትክታ፣ ለበጋ መኖ እንዲብላላ እዚህ የቀበረችው በመከር ነበር። ጉድጓዱ ሳይከፈት እርሷ ዐረፈች። «ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም» ትል ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ገለባ ብቻ የበሉት በሬዎች ጎድናቸው ገጥጧል።

ወንድሟ፣ አማቼ፣ በሬዎቹን ለሥጋ ነጋዴ ሊነዳ ገመድ በትከሻው ጥሎ ቆሟል።

«ይተዉት ጋሼ» ይለኛል። «የአምናው ጠቁሮ፣ ሸትቶ አልነበር? የተቀበረ ነገር መቼ ደግ ሆኖ ወጥቶ ያውቃል?»

ያለው ነገር ዘግይቶ ይገባውና አንገቱን ይደፋል።

«አንተ ደግሞ አጎቴ፣ ክፉ ለመተንበይ ማን ይቀድምሃል!» ትላለች ልጄ። «አምና አተሩን ብቻውን ስለቀበርነው ነው የተበላሸው። ዘንድሮ እማዬ እርጥብ የበቆሎ አገዳ ደባልቃበታለች፤ አየር እንዳይቀርበትም ስትረግጠው ነው የዋለችው።»

«እህቴ ከረገጠችውማ አየሩ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ወጥቷል።» ሊስቅ ይጀምርና ይተወዋል። «ከሸተተ ግን ዛሬውኑ እነዳቸዋለሁ፤ እዚህ ቆመው ከሚያልቁ።»

«ከሸተተ ንዳቸው» እለዋለሁ።

ከጭቃው ሥር የተነጠፈውን የላስቲክ ጫፍ እገልጣለሁ። እንደ እርሾ ያለ ኮምጣጣ ሽታ ይወጣል። ሐረጉ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ አልሟለጨም፣ አልሻገተም።

አማቼ አንድ እፍኝ ያነሣና ለዳማው በሬ ይዘረጋለታል። በሬው ያሸታል፤ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ከዚያ ይመለስና እፍኙን ጠራርጎ ይበላል፤ ባዶውን መዳፍም ደጋግሞ ይልሳል።

አማቼ በሌላው እጁ ገመዱን ከትከሻው ያወርዳል። አካፋዬን ተቀብሎም የቀረውን ጭቃ ሊያነሣ ይራመዳል።

«ሁሉን እንዳትከፍተው!» ትላለች ልጄ። «ከአንድ ዳር እየቆረስን ነው የምንሄደው፤ እማዬ እንደዚያ ነው ያለችው።»

አማቼ እርምጃውን ይገታል። ከወዲያኛው ዳር፣ ገና ካልተነካው ጭቃ ላይ ዐይኑን ተክሏል። ጭቃው እርጥብ ሳለ የታተመ የባዶ እግር ዱካ አለ፤ ተረከዙ ጠልቋል፣ አውራ ጣቱ ወደ ቤት ያመለክታል።

«እዚያ እስክንደርስ ዝናቡ ይገባል» ይላል በመጨረሻ፤ አካፋውንም በቀስታ መሬት ላይ ያጋድመዋል።

የባለቤቴ የግራ እግር ይመስለኛል። እግሯን የምታውቁ ጎረቤቶቿ ካላችሁ፣ ቀኙ ከሆነ አርሙኝ።