የሻለቃው ተራ

ሻለቃው ኮፍያውን አውልቆ ባንኮኒው ላይ ሲያኖር በመጠጥ ቤቱ የነበሩት ሸንኮራ ቆራጮች ሁሉ ዞር ብለው አዩት። ከሁለት ዓመት በፊት ጦሩ ይህንኑ ሰው ልኮ፣ ሃሊናን የተባለ ገበሬ በማሳዬ ላይ ሲበር አየሁት ያለውን ክብ ብርሃን አስመርምሮ ነበር። ሻለቃው ያን ጊዜ "ሰውየው ሰክሮ ነው" ብሎ ለአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ግዛት ጋዜጦች ተናገረ። በዚህ መጠጥ ቤት ደግሞ ደንቡ፣ ሲዋሽ የተገኘ ለሁሉም ቢራ ይጋብዛል የሚል ነው። ከዚያ ወዲህ ሃሊናን ስለ ዝናብ እንኳ ቢያወራ "ጋብዝ" ይሉት ነበር።

"ሚስተር ሃሊናን፣ ትናንት እኔም አየሁት" አለ ሻለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከማሳዎ በላይ ነበር። እርስዎም አይተውት ከሆነ እባክዎ ይመስክሩልኝ፤ አለዚያ አለቆቼ አእምሮው ተነክቷል ብለው ከጦሩ ሊያሰናብቱኝ ነው።"

"ጮክ ይበሉ እንጂ ጌታዬ፤ እነዚያ ከኋላ ያሉት አልሰሙም" አለ ሃሊናን።

ሻለቃው ጮክ ብሎ ደገመው። ከኋላ አንዱ፣ "ከስንተኛው ጠርሙስ በኋላ ነው የታየዎት?" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሻለቃው ግን ዓይኑን ከሃሊናን ላይ አልነቀለም።

ሃሊናንም ትናንት አይቶት ነበር። ብርሃኑ የሸንኮራውን ቅጠል አንድ በአንድ እስኪያሳይ ድረስ ከራሱ በላይ ቆሞ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲመኘው የኖረው ምስክር ይኸው ከፊቱ ቆሟል። ሃሊናን ባዶ ብርጭቆውን በጣቱ ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጎ ከሻለቃው ክንድ አጠገብ አደረሰው።

"እኔ ትናንት በጊዜ ነው የተኛሁት" አለ። "ለእኔ ጥቁሩን ቢራ ይዘዙልኝ፣ ጌታዬ።"